ካሜራው ላይ ያሉት ፊደላት፦ የትኛውን ቁጥር እርስዎ ይያዙ፣ የትኛውን ለካሜራው ይተዉ?

አዲስ ካሜራ የገዛ ሰው አናቱ ላይ ያለችውን ክብ ማዞሪያ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ለካሜራው የሚተወው አረንጓዴው ምልክት ላይ አድርጎ ይረሳታል። አጠገቡ የተደረደሩት ፒ፣ ኤ፣ ኤስ እና ኤም ለባለሙያ የተተዉ ይመስላሉ። ኒኮን፣ ሶኒና ፓናሶኒክ ላይ ፊደላቱ እነዚሁ ናቸው። ካኖን ላይ ኤ የነበረው ኤቪ፣ ኤስ የነበረው ቲቪ ተብሎ ተጽፏል፤ ቲቪው ከቴሌቪዥን ጋር ዝምድና የለውም፣ «የጊዜ መጠን» ለማለት ነው። ብዙ የፉጂፊልም ካሜራዎች ደግሞ ፊደላቱ ጭራሽ የሏቸውም። በምትኩ የሸተሩ (የጊዜው) ማዞሪያና የሌንሱ (የቀዳዳው) ቀለበት ላይ ኤ የምትል ቦታ አለች፤ ሁለቱም እሷ ላይ ካሉ ፒ ነው፣ ቀለበቱን ብቻ ወደ ቁጥር ካዞሩ ኤ፣ ሸተሩን ብቻ ካዞሩ ኤስ፣ ሁለቱንም ካዞሩ ኤም።

ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። የአንድን ፎቶ ብርሃን ሦስት ቁጥሮች ይወስኑታል፤ ፊደሉ ከሦስቱ የትኛውን እርስዎ እንደያዙ፣ የትኛውን ለካሜራው እንደተዉ ይናገራል።

የመጀመሪያው ቁጥር አፐርቸር ነው፤ ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት። ጀማሪን ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው መስፋቱ ነው። ቁጥሩ አካፋይ ስለሆነ ነው፦ አንድ እንጀራ ለ2 ሲቆረስ የሚደርሰው ለ10 ሲቆረስ ከሚደርሰው ይበልጣል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በኤፍ 10 ግን 5 ሚሊሜትር ብቻ። ሰፊ ቀዳዳ ብዙ ብርሃን ያስገባል፣ ፎከስ ከተደረገበት ነገር ፊትና ኋላ ያለውን ግን ያደበዝዛል። ሁለተኛው ሸተር ነው፤ ብርሃኑ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ። 1/1000 ሰከንድ ሯጭን አየር ላይ ያስቀረዋል፤ በ1/15 ደግሞ የራስዎ እጅ ንዝረት ፎቶው ላይ ይታያል። ሦስተኛው አይኤስኦ ነው፤ የተገኘውን ብርሃን ካሜራው ምን ያህል እንደሚያጎላው። ሲበዛ ፎቶው ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስል ኖይዝ ይወጣል።

ሦስቱንም የሚያገናኛቸው መለኪያ ስቶፕ ይባላል። አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ነው። ከ1/125 ወደ 1/60፣ ከአይኤስኦ 800 ወደ 1600፣ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 4፤ ሁሉም አንድ ስቶፕ ይጨምራሉ። የአፐርቸሩ ተራ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16፣ 22 እያለ ይሄዳል፤ ይህን በቃል መያዝ አይከፋም። አብዛኛው ካሜራ ማዞሪያው አንዴ ጠቅ ባለ ቁጥር የስቶፕ ሲሶ ስለሚጓዝ ሦስት ጠቅታ አንድ ስቶፕ ነው።

አሁን አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ውስጥ ቡና እየተፈላ ነው እንበል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ቡናውን ትቆላለች፤ ረከቦቱ ፊቷ ነው፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ሌንሱ ከብዙ ካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚዘረጋው ነው። እንዲህ ባለ ብርሃን አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 4 እና 1/125 ሰከንድ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ይህችኑ ክፍል በየሞዱ እንያት።

አረንጓዴውና ሥዕሎቹ

በአረንጓዴው ካሜራው ብርሃን አነሰ ብሎ ፍላሹን ብቅ ያደርጋል። የዕጣኑ ጭስ ከፊት ተመትቶ ነጭ ደመና ይሆናል፣ ጀበናው ላይ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ያርፋል፣ ከሴትዮዋ ኋላ ግድግዳው ላይ ስለታም ጥላ ይወድቃል፤ የመስኮቱ ብርሃን ግን የለም። ብዙ ካሜራዎች በዚህ ሞድ አይኤስኦውንም የብርሃን ማካካሻውንም (ፎቶውን በእጅ የሚያደምቁበትን ወይም የሚያጨልሙበትን ቁልፍ) ስለሚቆልፉ ማስተካከያ ብዙም የለዎትም። መብረቅ የመሰለው የፍላሽ ምልክት ተሰርዞ የሚታይበት ሞድ ካለ ቢያንስ እሱ ይሻላል።

ሰው፣ ተራራ፣ ሯጭና አበባ የተሳሉባቸው ሞዶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ሰውዬው ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ተራራው ያጠብባል፣ ሯጩ ሸተሩን ያፈጥናል። አበባው ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ሌንሱ የሚቀየርበት ካሜራ ላይ አበባውን መምረጥ ሌንሱን ይበልጥ አያቀርበውም። የ18–55ቱ ሌንስ በተሠራበት ርቀት ካልሆነ ፎከስ አይዝም፣ አበባም ተመረጠ ተራራ። ከእነዚህ ውስጥ ቁም ነገር ያለው ሰውና ኮከብ ወይም ጨረቃ የተሳለበት ነው፤ ፍላሽ ያበራል፣ ሸተሩን ግን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ሰውየውም ከኋላው ያለው የከተማ መብራትም ይታያሉ። ፍላሹ ስለበራ ተነሣሁ ብሎ የሚንቀሳቀስ ሰው ግን እንደ መንፈስ ጥላ ጥሎ ይቀራል።

ፒ

ፒ ላይ ሸተሩንና አፐርቸሩን ካሜራው ይመርጣል፤ ፍላሹ ካልከፈቱት አይነሣም፣ አይኤስኦውና ማካካሻው በእጅዎ ናቸው። ቡናዋ ክፍል ውስጥ 1/125 እና ኤፍ 4 ካወጣ በኋላ ማዞሪያውን ቢያሽከረክሩ 1/60 እና ኤፍ 5.6 ይላል፤ የብርሃኑ ልክ ሳይቀየር ጥንዱ ይቀያየራል። ያኔ ብዙ ካሜራ ላይ ፒ አጠገብ ኮከብ ትወጣለች። ፒ የማያውቀው የሴትዮዋ እጅ እየተንቀሳቀሰ መሆኑንና እርስዎ የኋላውን ግድግዳ ማደብዘዝ መፈለግዎን ነው። ለችኮላ ጥሩ ነው፤ መንገድ ላይ ድንገት ለሚያጋጥም ነገር ፒን የሚንቅ ሰው ፎቶ ያመልጠዋል።

ኤ፣ ወይም ኤቪ

ጀማሪ አንድ ወር የሚቀመጥበት ሞድ ይመረጥ ከተባለ ይህ ነው። አፐርቸሩን እርስዎ ይመርጣሉ፣ ሸተሩን ካሜራው ያሟላል። ለአንድ ሰው ፎቶ ሌንሱ የሚችለውን ትንሹን ቁጥር ያድርጉ። ለቤተሰብ ፎቶ ሰዉ በሁለት ረድፍ ከቆመ ኤፍ 5.6 ወይም 8 ይሁን፤ በኤፍ 1.8 የፊተኛው ረድፍ ጥርት ብሎ የኋለኛው አክስትና አጎት ይደበዝዛሉ፣ ጥፋቱም የሚታወቀው ፎቶው ታትሞ ሲመጣ ነው። ለመልክዓ ምድር 8 ወይም 11 ይበቃል። 22 ላይ ሁሉም ነገር ይበልጥ ይጠራል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ እውነታው ግን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው ጠቅላላው ትንሽ ይለሰልሳል።

18–55 ሌንስ ላይ «3.5–5.6» የሚል ተጽፏል። በ18 ሚሊሜትር ቀዳዳው እስከ 3.5 ይከፈታል፣ በ55 ግን ከ5.6 አያልፍም። ስለዚህ 3.5 ላይ አድርገው ሌንሱን ሲዘረጉ ቁጥሩ በራሱ ቢቀየር ካሜራው አልተበላሸም። በኤፍ 5.6 የኋላው ብዙ አልደበዝዝ ካለ ወደ ሰውየው ይጠጉ፣ እሱን ደግሞ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ያርቁት። ሌንስ ሳይገዛ የሚገኘው ትልቁ ለውጥ ይኸው ነው።

የኤ አደጋ ሸተሩ ሳይነግርዎ መውረዱ ነው። ወደ ቡና ቆይዋ እጅ 55 ሚሊሜትር ድረስ ሲዘረጉ ቀዳዳው ወደ 5.6 ይጠባል፣ ካሜራውም ሸተሩን ወደ 1/60 ያወርዳል። እጅ ሳይነዝር ለመያዝ የሚበቃው ፍጥነት በግምት አንድ ሲካፈል ለሌንሱ ርዝመት ነው፤ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ ከሆነ ርዝመቱን በ1.5፣ ካኖን ላይ በ1.6 ያባዙ። 55 ሲባዛ በ1.5 ወደ 82 ይመጣል፤ ስለዚህ 1/80 ወይም 1/100 ያስፈልግ ነበር። ሌንሱ የእጅ ንዝረት ማካካሻ ካለው የእርስዎን እጅ ያረጋጋል፣ የቡና ቆይዋን እጅ ግን ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ ማንሻውን በግማሽ ተጭነው ሁልጊዜ ሁለተኛውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ካነሰ አይኤስኦውን ወደ 3200 ያውጡ።

ይህን በራሱ የሚሠራልዎ ቅንብር አለ። አይኤስኦውን ኦቶ ላይ አድርገው ሜኑ ውስጥ ገብተው ጣሪያውን 6400፣ ዝቅተኛውን የሸተር ፍጥነት 1/125 ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ኤ ላይ ሆነው የሚያስቡት ስለ ቀዳዳው ብቻ ይሆናል። ቅንብሩ አንዳንድ የካኖን መነሻ ካሜራዎች ላይ የለም፤ እነሱ ላይ በዓይን መጠበቅ ነው።

ቁጥር ብልጭ ድርግም ካለ ካሜራው «አልቻልኩም» እያለ ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ጥርት ባለ ፀሐይ፣ 50 ሚሊሜትሩን ሌንስ በኤፍ 1.8 ከፍተው ቢያነሡ በአይኤስኦ 100 እንኳ ወደ 1/8000 ይጠጋል። የመነሻ ካሜራዎች ጣሪያ ብዙውን ጊዜ 1/4000 ስለሆነ ቁጥሩ እየበራ ይጠፋል፤ ኒኮን ላይ በምትኩ «ሃይ» የሚል ይወጣል። ማንሻው ግን አይቆለፍም፤ ቢጫኑት ያነሣል፣ ፎቶው ነጭ ይሆናል። ወደ 2.8 ማጥበብ ወይም ሰውየውን ጥላ ውስጥ ማስገባት ነው መፍትሔው፤ ለፊቱም ጥላው ይሻላል።

አሁን ጠጋ ብለው ነጩ ቀሚስ ፍሬሙን እንዲሞላው ያድርጉ። ቀዳዳው ኤፍ 4፣ አይኤስኦው 1600 ላይ እንደቆመ ነው። ቅድም 1/125 ይል የነበረው ካሜራ አሁን 1/250 ይላል። ብርሃኑ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ካሜራው የሚያየው ነው። ብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ቀሚሱ አመድማ፣ የሴትዮዋ ፊት ደግሞ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል። ጥምቀት ላይ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ የተነሣበት ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚጨልመው በዚሁ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ፕላስና ማይነስ የተጻፈባት ቁልፍ ናት። እሷን ይዘው ማዞሪያውን ወደ ፕላስ 1 ሲያደርሱ ካሜራው ወደ 1/125 ይመለሳል፣ ቀሚሱ ነጭ፣ ፊቱም ፊት ይሆናል። ካነሡ በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለፈ ብርሃን የሚያመለክተውን ብልጭታ ያብሩት፤ የጥለቱ ክር ድረስ ብልጭ ካለ ወደ 0.7 ይመልሱት። ጥቁር ልብስና ጥቁር ግድግዳ ላይ በተቃራኒው ማይነስ 1 ነው። ሰው ከብሩህ ሰማይ ወይም ከመስኮት ፊት ከቆመ ከፕላስ 1 እስከ 1.5፤ ሰማዩ ነጭ መሆኑ አይቀርም፣ ግን ፎቶው የሰው ነው። በእኛ ግምት ለኢትዮጵያውያን ፊትና ነጭ ልብስ ከሁሉም ሞዶች በፊት መማር ያለበት ይህ ቁልፍ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ብዙ ካሜራ ሲጠፋ ማካካሻውን ወደ ዜሮ አይመልስም። ዛሬ ፕላስ 1 ላይ የተረሳ ካሜራ ነገ ሁሉንም ያነጣል።

ኤስ፣ ወይም ቲቪ

እዚህ ጊዜውን እርስዎ ይይዛሉ፣ ቀዳዳውን ካሜራው ያሟላል። ዋናው ጉዳይ እንቅስቃሴ ሲሆን ነው የሚጠቅመው። የሚራመድ ሰው 1/125፣ እስክስታ 1/250 እና ከዚያ በላይ፣ ሩጫና ኳስ ከ1/500 እስከ 1/1000። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እንዲታይ ከፈለጉ ግን ወደ 1/30 ይውረዱ፤ ፊቱ ጥርት ብሎ ትከሻው የደበዘዘ እስክስታ ከደረቀው ይበልጥ ይናገራል። በዚህ ፍጥነት ግን ፊቱም አብሮ ሊደበዝዝ ስለሚችል ከአሥር ፎቶ አንዱ ብቻ ቢሳካ አይናደዱ።

ቡናዋ ክፍል ውስጥ የምታማስልበትን እጅ ለማስቆም 1/250 ቢያደርጉ ሌንሱ ከኤፍ 4 በላይ አልከፈት ስላለ ቁጥሩ ብልጭ ይላል፤ ፎቶው አንድ ስቶፕ ይጨልማል። አይኤስኦውን ወደ 3200 ሲያወጡ ይቆማል። አይኤስኦ ኦቶ ላይ ካለ ይህን ሁሉ አያዩትም፤ ዋጋውን ግን በኖይዝ ይከፍላሉ።

ጢስ ዓባይን ሐር የመሰለ ውሃ አድርጎ ማንሣት የሚፈልግ ሰው በተቃራኒው ይቸገራል። ጠራራ ፀሐይ ላይ አይኤስኦ 100 እና ኤፍ 11 የሚፈልገው 1/200 ነው፤ ቀዳዳውን እስከ 22 ቢያጠብቡት እንኳ 1/50 ላይ ይቀራሉ፣ ያ ደግሞ ውሃውን አያለሰልስም። ብርሃኑን በ64 የሚያካፍል ኤንዲ ፊልተር ሌንሱ ላይ ሲታሰር በኤፍ 11 ወደ 1/3 ሰከንድ ይመጣል። ያኔ ትራይፖድ ግዴታ ነው፤ ማንሻውንም በጣት ከመጫን የ2 ሰከንድ ቆጣሪውን መጠቀም ይሻላል። ፊልተር ከሌለ ገና ፀሐይ ሳትወጣ መድረስ ነው።

ኤም

ኤም ላይ ሸተሩንም አፐርቸሩንም እርስዎ ይይዛሉ። «ባለሙያ ሁልጊዜ በኤም ነው የሚያነሣው» የሚለው ወሬ ብዙ ጀማሪ አስመርሯል። ኤ እና ኤስ በአንድ ካሜራ ላይ አብረው የመጡት እ.ኤ.አ. በ1977 በሚኖልታ ኤክስዲ ነው፣ ካኖን ኤ-1 በ1978 ፒን ጨመረበት፤ ከዲጂታል በፊት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ለፍጥነት ሥራ የሚጠቀምባቸው ባለሙያ ብዙ ነው። ኤም ላይ ሆኖ የመለኪያውን ጠቋሚ ዜሮ ላይ እስኪቆም ማዞሪያ ማዞር ኤ በሁለት ሰከንድ የሚሠራውን ሥራ በአሥር ሰከንድ መሥራት ነው፤ በነጭ ቀሚስም እኩል ይሳሳታል።

ኤም የሚያስፈልገው ብርሃኑ ሳይቀየር ካሜራው የሚያየው ሲቀየር ነው። ደመራ መስከረም 16 አመሻሽ ላይ ሲለኮስ ነበልባሉ አንዴ ፍሬሙን ይሞላል፣ አንዴ ጥቁር ሰማይ ይበዛል፤ ኤ እያንዳንዱን ፎቶ በተለያየ ብርሃን ያወጣል። አንዴ ሞክረው ነበልባሉ ቀለሙን ሳያጣ የሚታይበትን ልክ ሲያገኙ ኤም ላይ ቆልፈው ይቀጥላሉ። ጎን ለጎን ተሰፍተው አንድ ሰፊ ፎቶ የሚሆኑ ፎቶዎችም እንዲሁ በኤም ይነሣሉ።

ሁለተኛው የኤም ቦታ ስቱዲዮና ሠርግ ነው። የስቱዲዮ ፍላሽ ሳይበራ በፊት ካሜራው ሊለካው አይችልም፤ ስለዚህ 1/160፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100 አድርጎ ፍላሹን ማስተካከል ነው። መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራ ላይ እንዲህ ሲያደርጉ ስክሪኑ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል፤ የሚያሳይዎ ያለ ፍላሽ የሚወጣውን ፎቶ ነውና ሜኑ ውስጥ የቅንብር ውጤት ማሳያውን ያጥፉት። ሸተሩን ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ ካወጡት ደግሞ በርካሽ ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት በሚያበራ መሣሪያ) የተገናኘ ፍላሽ ፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ይተዋል። ሸተሩ ሁለት መጋረጃ አለው፤ ሲፈጥን ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያው ሳይጨርስ ይከተላል፣ ፍላሹም መጋረጃው ላይ ያበራል።

አዳራሽ ውስጥ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁርና ቢጫ ሰንበር ከወጣ መብራቱ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ 1/50 ወይም 1/100 ያድርጉ። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ እዚያ 1/60 ወይም 1/125። ከአሜሪካ የተላከ ካሜራ ቪዲዮው 30 ፍሬም ላይ ሊመጣ ስለሚችል አዲስ አበባ ውስጥ ሲቀርጹ ስክሪኑ ከተርገበገበ የቪዲዮውን ሥርዓት ወደ ፓል፣ ፍሬሙን ወደ 25፣ ሸተሩን ወደ 1/50 ይቀይሩ።

ኤም ላይ ፕላስና ማይነሷ አይኤስኦው ቁጥር ላይ ከተቆለፈ ፎቶው ላይ ምንም አትለውጥም፤ ካሜራው የሚያሟላው ነገር አልቀረለትም።

ቢ የሚል ካለ ማንሻው እስከተጫነ ድረስ ሸተሩ ክፍት የሚቆይበት ነው፤ ለመብረቅና ለርችት፣ ከትራይፖድና ከሪሞት ጋር። ሲ1፣ ሲ2 ወይም ዩ1፣ ዩ2 ደግሞ የራስዎን ቅንብር የሚያስቀምጡባቸው ናቸው።

ፎቶው ደብዝዞ ከመጣ ሞድ ከመቀየርዎ በፊት አጉልተው ይዩት። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ የእጅዎ ንዝረት ነው፣ ሸተሩ ይፍጠን። ጀበናው ጥርት ብሎ እጁ ብቻ ከደበዘዘ እጁ ነው የተንቀሳቀሰው፤ እዚህም ሸተሩ ይፍጠን፣ ትራይፖድ አያድንም። ፊቱ ደብዝዞ ከኋላ ያለው መጋረጃ ጥርት ካለ ግን ፎከሱ መጋረጃው ላይ አርፏል፤ የትኛውም ፊደል አያስተካክለውም፣ የፎከስ ነጥቧን ዓይኗ ላይ አድርገው እንደገና ያንሡ።